ተክሊሉ የሁለት ነው፤ ጥያቄው ለምን የአንዷ ብቻ ሆነ?

ድንግልና ለምን ከሴቷ ብቻ ይጠየቃል የሚለውን ጥያቄ በታኅሣሥ መጨረሻ እዚህ መድረክ ላይ ያነሣሁት እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ 46 መልስ ተጽፏል። ብዙዎቻችሁ መሐል ላይ ነው የገባችሁት፤ ወደ ላይ ተመልሶ ሁሉንም ማንበብ ደግሞ ያደክማል። ስለዚህ ማን ምን እንዳለ በራሴ ቃል ልተርከው። የማንንም ጽሑፍ እንዳለ አልገለብጥም። አንዳንዱ የሰው ጓዳ ነው።

መነሻው እንዲህ ነበር። ታናሽ እህቴ ለጥር ቀን ቆርጣለች። ባሕር ዳር ተወልደን ባሕር ዳር ያደግን ነን። ሰንበት ትምህርት ቤት የገባነው ገና በሕፃናት ክፍል ነው። መዝሙር ያጠናነውም፣ ነጠላ መስቀለኛ ማጣፋት የተማርነውም እዚያ ነው። በቤተ ክርስቲያን አክሊል ደፍታ፣ በተክሊል ማግባት ለእህቴ የልጅነት ምኞቷ ነው።

ከእጮኛዋ ጋር ሆነው ወደ አንድ አባት ሄዱ። የደብሩንም የአባንም ስም አልጠራም። አባ እህቴን ድንግል መሆኗን ጠየቋት። አዎ አለች። ደግመው ጠየቋት። ደግማ አዎ አለች። ከዚያ ወደ እሱ ዞሩ። የት እንደሚሠራ ጠየቁት። ቤት ተከራይቶ እንደሆነ ጠየቁት። በዚሁ አበቃ።

እጮኛዋ ከእሷ በፊት ሌላ ሴት ያውቅ ነበር። እህቴ ይህን ታውቃለች፤ ገና ሲተዋወቁ ራሱ ነግሯታል። አባ ፊት ግን ዝም አለ። እሷም ዝም አለች። የሐይቁን ዳር ዳር ይዘው ቤት እስኪደርሱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

ማታ አልጋዬ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ያስለቀሳት መጠየቋ አይደለም። እሷ ብቻ መጠየቋ ነው። ክብሯን ጠብቃ እዚህ የደረሰችው እሷ፣ እንደ ተጠርጣሪ ሁለት ጊዜ የተጠየቀችውም እሷ። እኔም በዚያው ሌሊት ጻፍኩ። ጥያቄዬ አጭር ነበር። ድንግልናን ከሴቷ ብቻ መጠየቅ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ነው ወይስ እኛ ያመጣነው ልማድ?

1ኛውና 2ኛው መልስ መልካም ምኞት ነበሩ። ሁለቱም እንዲህ ያለው ነገር ከንስሐ አባት ጋር እንጂ አደባባይ ላይ እንደማይወራ በትሕትና አሳሰቡኝ። ኃጢአት የሚነገረው ለንስሐ አባት መሆኑ ልክ ነው። እኔ የጠየቅኩት ግን ስለ ሥርዓት ነው፤ ሥርዓት ደግሞ የሁላችንም ነው።

3ኛው መልስ የአንድ ዲያቆን ነው። እስካሁን ከተጻፈው ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት እሱን ነው። ተክሊል ለሁለቱም ደናግል ለሆኑ ሙሽሮች እንደሚደረግ አስረዳ። አክሊሉ ሁለት ነው፤ አንዱ በእሱ ራስ፣ አንዱ በእሷ ራስ ይደፋል። ባሏ የሞተባት ወይም ሚስቱ የሞተችበት ሰው ድጋሚ ሲያገባ ያለ አክሊል፣ በጸሎተ ንስሐ እና በቅዱስ ቁርባን ነው የሚጋባው። ከጋብቻ በፊት የወደቀም ንስሐ ገብቶ በቁርባን ይጋባል እንጂ በሩ አይዘጋበትም። ይህን ሁሉ ካለ በኋላ የራሱን ነገር ጨመረ። ዲያቆን ከጋብቻ በፊት ከሴት ከደረሰ ድቁናው ይፈርሳል። ቅስና አያገኝም። መቅደስ ገብቶ መቀደስ አይችልም። የሚያገባትም ልጃገረድ መሆን አለባት፣ እሱም እንዲሁ። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን የወንድን ንጽሕና አትጠይቅም የሚል ሰው መቅደሱ አጠገብ ደርሶ አያውቅም ሲል ደመደመ።

እኔ ይህን ሳነብ ደስም አለኝ፣ ቅርም አለኝ። ሰንበት ትምህርት ቤት ስንት ዓመት ስለ ንጽሕና ተማርን። ከትምህርቱ በኋላ ለብቻችን ቆይታችሁ ተብለን የተመከርነው ግን ሁልጊዜ ሴቶቹ ነበርን። ወንዶቹ ኳስ ሊጫወቱ ይወጡ ነበር።

4ኛው ሰው የመጣው በሌላ መንገድ ነው። በሴት ላይ ምልክት አለ፣ በወንድ ላይ የለም፤ ምልክት የሌለውን ነገር መጠየቅ ምን ይጠቅማል የሚል ነው ሐሳቡ። 5ኛው ደገፈው። 6ኛዋ እና 7ኛዋ ተቆጡ፤ ቁጣቸውን እዚህ መድገም አያስፈልግም። 8ኛዋ ግን ተረጋግታ ጻፈች። ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ የምትሠራ ነርስ ናት። መጀመሪያ ቀን ሁሉም ሴት እንደማትደማ፣ ያ ስስ አካል ከሰው ሰው በተፈጥሮው እንደሚለያይ፣ ማንም ባለሙያ አይቶ ይህች ድንግል ናት፣ ይህች አይደለችም ብሎ መናገር እንደማይችል አስረዳች። እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም ጤና ድርጅት ከሌሎች የተባበሩት መንግሥታት ተቋማት ጋር ሆኖ የድንግልና ምርመራ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት የለውም፣ ይቁም ማለቱንም ጠቀሰች። ከዚያ በእናቶቻቸው ተልከው ወረቀት ጻፉልን የሚሉ ልጆች ወደ እሷ እንደሚመጡ ነገረችን። ወረቀት አትጽፍላቸውም። ሻይ ትጋብዛቸዋለች።

ለ4ኛው ሰው እኔም አንድ ነገር ብያለሁ። ጾም ላይም ምልክት የለም። ሰው ጓዳው ገብቶ ምን እንደበላ ማን ያያል? ጾመሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ግን ይመልሳል። ንስሐ ማለት ምልክት ያልታየበትን ነገር በአንደበት መናገር አይደለም ወይ?

9ኛው መልስ ከዘጌ ነው። የጻፉት እናት ዕድሜያቸው ገፍቷል፤ የሚናገሩትን የልጅ ልጃቸው እንደሚጽፍላቸው መጀመሪያ ላይ ተናገሩ። ረጅም ነው። ስለ ብር አምባር ነው።

በእሳቸው ዘመን ሙሽራው ከሙሽሪት ጋር ሲገባ ሚዜዎች በር ላይ ይጠብቃሉ። ደም የነካው ጨርቅ ሲወጣ እልልታው ይቀልጣል፤ ሚዜዎቹ እየጨፈሩ ለእናት ለአባቷ ያደርሱታል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ ከወጣስ? የጎረቤታቸው ልጅ እንዲያ ሆነች። በማግስቱ ገና ሳይነጋ በጫካው መሐል ባለችው ቀጭን መንገድ ወደ አባቷ ቤት መለሷት። ዘጌ እንደምታውቁት የሚታረስ መሬት የለም፤ ማረስ በገዳሙ ሥርዓት የተከለከለ ነው፤ ቤቱ ሁሉ በቡና እና በዛፍ ውስጥ ነው። ያቺ ልጅ ስታለቅስ ድምፅዋ ከዛፉ ሥር ይሰማ እንደነበር እስከ ዛሬ ያስታውሳሉ። ወንድ እንዳልነካት እየማለች ነበር። ማንም አላመናት። አሁን ነርሷ የጻፈችውን የልጅ ልጃቸው ሲያነብላቸው፣ እውነቷን ሊሆን እንደሚችል ከስንት ዘመን በኋላ ገባቸው። እሳቸውም አለቀሱ።

እና ለእኔ ጥያቄ መልስ የሰጡት በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። በዚያች ሌሊት እዚያ ቤት ቄስ አልነበረም። መስቀልም መጽሐፍም አልነበረም። ጨርቁን የጠየቀው መንደሩ ነው።

ከዚህ በኋላ ነገሩ መካረር ጀመረ። 12ኛው ሰው በገጠር ወረዳዎች የሠራ ነው። የዲያቆኑን መልስ ጠቅሶ፣ ያ ያማረ የሚመስለው ሥርዓት መሬት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚሆን ጻፈ። ዲያቆኑ ድንግል ማግባት አለበት ስለሚባል ቤተሰቡ በእርግጠኝነት ድንግል የምትሆን ልጅ ይፈልጋል። እርግጠኛ ለመሆን ደግሞ ሕፃን ይመረጣል። 12 ዓመት ያልሞላት ለዲያቆን የታጨች ልጅ በዓይኑ እንዳየ ተናገረ። ልጅቷ ሳትበላሽ በጊዜ ትዳር የሚለው አባባል የት እንደሚያደርስ ማየት የፈለገ ሰው፣ እዚሁ ባሕር ዳር እ.ኤ.አ. በ2005 የተከፈተውን የሐምሊን የፊስቱላ ማዕከል ይጠይቅ አለ። ያለ ዕድሜያቸው አርግዘው ምጥ የጸናባቸው ስንት ሴቶች እዚያ ታክመው እንደወጡ ይረዳል።

ዲያቆኑ በ13 ተመለሰ። ቃሉ ከብዶ ነበር። ቤተ ክርስቲያንን በባላገር ስሕተት መክሰስ ነውር መሆኑን፣ ያለ ሁለቱ ፈቃድ ጋብቻ እንደማይባረክ፣ 18 ዓመት ያልሞላትን ማጋባት በሕግም በሥርዓትም ወንጀል እንደሆነ ጻፈ። 12ኛው ሰው በ14 መልሶ ሕጉ ላይ እንደሚስማማ ገለጸ፤ የቤተሰብ ሕጉ በ1992 ዓ.ም. ሲሻሻል የሴቶች የጋብቻ ዕድሜ ከ15 ወደ 18 ከፍ እንዳለም አስታወሰ። ጥያቄው ግን ሕጉ ምን ይላል ሳይሆን የመንደሩ ቄስ ድግሱ ላይ ተቀምጠው ምን አሉ የሚለው ነበር። ለአንድ ቀን ማንም አልጻፈም። ከዚያ ዲያቆኑ በ16 ሦስት መስመር ጻፈ። የገዛ እናቱ ያገቡት በ11 ዓመታቸው ነው። ለዲያቆን። ያ ዲያቆን አባቱ ናቸው።

ይህን ሰው አከበርኩት። ይህን ከመጻፍ ዝም ብሎ መውጣት ይቀለው ነበር።

ከ17 እስከ 22 ጨዋታው ከመሥመር ወጣ። አንዱ ሴት በማኅበር ፊት ዝም ትበል የሚለውን የጳውሎስን ቃል ይዞ መጣ፤ እኔም ሴት ሆኜ እዚህ መጠየቄ ራሱ ስሕተት እንደሆነ ነገረኝ። 18ኛዋ ይኸው ጳውሎስ በሮሜ 16 ላይ ፌቤንን የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ብሎ እንደሚያመሰግናት አስታወሰችው። 19ኛው ወደ ሐይቁ ወሰደን። ክብራን ገብርኤል እና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አይረግጣቸውም፤ ይህ ሴትን መናቅ ነው ወይስ የመነኮሳት ሥርዓት? 20ኛዋ መናቅ አለመሆኑን ለማሳየት ከክብራን አጠገብ ያለችውን እንጦስ ኢየሱስን አነሣች፤ ሴት መነኮሳት ያሉባት ናት። በደቅ ደሴት ላይ ያለችውን ናርጋ ሥላሴንም ያሠሯት እቴጌ ምንትዋብ ናቸው።

እዚህ ላይ እኔም አላስቻለኝም፤ 21ኛው የኔ ነው። ስለ ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ጻፍኩ። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን እምነት ሲቀበል ባሏ የንጉሡ የጦር አለቃ ነበር። ጥላው ወጣች። በጣና ዳርቻ እና በደሴቶቹ ማኅበር እየመሠረተች ወንዱንም ሴቱንም መርታ ኅዳር 17 ቀን 1635 ዓ.ም. ዐረፈች። ገዳሟ ቋራጣ ነው። ሴት ዝም ትበል ለሚለው ወንድሜ ያልኩት ይህን ብቻ ነው፤ ወለተ ጴጥሮስ ዝም ብትል ኖሮ ዛሬ ምን ሃይማኖት እንይዝ ነበር? አንድ ሰው ከታች እማሆይ ገላነሽን ጨመረልኝ። ዓይነ ስውር ሆነው በጎጃም፣ ጽላሎ፣ ለወንድ ተማሪዎች ቅኔ የዘረፉ፣ ቅኔ ያስተማሩ መምህርት። እግዜር ይስጠው፤ እሳቸውን እንዴት ረሳኋቸው?

22ኛው ቋራጣ በጀልባ ስንት ያስከፍላል ብሎ ጠየቀ። ከዚያ ስለ ጀልባ ዋጋ፣ ከዚያ ስለ እምቦጭ ሆነ። እምቦጩ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ ሐይቁን ምን እንዳደረገው ሁላችንም እናውቃለን፤ አሳ አስጋሪዎቹን ያየ ሰው ያዝናል። ግን እዚህ አልተርከውም።

23ኛዋ ጴንጤ መሆኗን አስቀድማ ተናግራ፣ መጻፍ ይፈቀድልኝ ወይ ብላ ጠየቀች። ጥያቄው የኛም ነው አለች። እሷ ባደገችበት ቤተ ክርስቲያን አንዲት ዘማሪ ሳታገባ አረገዘች። ከመዘምራን ታገደች፣ ጉባኤ ፊት ተጠራች። ልጁ የማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበር። እሱ በሚቀጥለው እሑድ ጊታሩን ይዞ መድረክ ላይ ነበር። ልጅቷ ከዚያ በኋላ አልተመለሰችም። ልጇ አሁን ትምህርት ጀምሯል።

24ኛው ሰው የራስሽን ቤት አጽጂ ሲል መለሰላት። አወያዩ ገብቶ አስጠነቀቀው። አሁንም ያናድደኛል። የራሷን ቤት እያጸዳች እኮ ነበር፤ እኛ ፊት ቁስሏን ገልጣ።

በዚሁ ሰበብ 25ኛው ሰው የሉተራን ቤተ ክርስቲያን የሆነችውን መካነ ኢየሱስን አነሣ። እ.ኤ.አ. በ1997 ሴቶች ቄስ እንዲሆኑ ወስና በ2000 የመጀመሪያዋን ሴት ቄስ ሾማለች። ለእሱ ይህ የጥፋት መጀመሪያ ነው። ዛሬ ሴቶችና ወንዶች እኩል ይጠየቁ የሚል ነገ ክህነት ይጠይቃል፣ ከነገ ወዲያ ደግሞ እንደ ስዊድን እና እንደ አሜሪካ ሉተራን አብያተ ክርስቲያናት ወንድ ከወንድ ያጋባል የሚል ሰንሰለት ዘረጋ። 26ኛዋ ሰንሰለቱ እዚያው በራሱ ምሳሌ ላይ እንደሚበጠስ አሳየችው። ሴት ቄስ የሾመችው መካነ ኢየሱስ በዚሁ በተመሳሳይ ጾታ ጋብቻ ምክንያት ከስዊድን ቤተ ክርስቲያን እና ከአሜሪካ ወንጌላዊት ሉተራን ጋር የነበራትን ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ያቋረጠች ናት። አንዱ ሌላውን አላስከተለም።

27ኛው መልስ የኔ ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። እኔ ሕጉ ይላላ አላልኩም። ክህነትም አልጠየቅኩም። ተክሊል ለማንም ይሰጥ አላልኩም። ሕጉ እንደተጻፈው ለሁለቱም ይሁን ነው ያልኩት። ይህ ማጥበቅ ነው እንጂ ማላላት አይደለም። ወንዱን ሳንጠይቅ አክሊል ስንደፋለት እኮ ሥርዓቱን ያፈረስነው እኛ ነን። ሴቷ ላይ ስለጠበቅን ያላላነውን አናየውም።

ከዚህ በኋላ 30ኛው መጣ። የአብነት ተማሪ ነበርኩ ይላል። ያችን በዝሙት የተያዘችውን፣ ወደ ጌታ ያመጧትን ሴት አነሣ። ሁላችንም የምናውቀው ታሪክ ነው። እሱ ግን ከሳሾቹ ጠቀስነው ያሉትን ሕግ ሄዶ እንዲያነብ መምህሩ እንዳዘዙት ጻፈ። ዘሌዋውያን 20፣ ቁጥር 10። ሕጉ አመንዝራውም አመንዝራይቱም ይገደሉ ነው የሚለው። ወንዱን ያስቀደመው ሕጉ ራሱ ነው። ታዲያ ሲፈጸም ተያዘች ካሉ አብሯት የተያዘው ወዴት ሄደ? መምህሩ ይህን ጠይቀው መልሱን ሳይነግሩት ወደ ጸሎት ሄዱ። እሱም ሰባት ዓመት አሰበበት።

33ኛው ሰው ስሙን አልገለጸም። ከ10 ዓመት በላይ በትዳር ኖሯል። በተክሊል ነው ያገባው። እሱም አልተጠየቀም። አክሊሉ ሲደፋበት ሕዝቡ እልል ሲል፣ ካባው ትከሻው ላይ ሲያርፍ፣ ድንጋይ የተሸከመ ያህል እንደከበደው ጻፈ። ለሚስቱ የነገራት ሦስተኛ ልጃቸው ከተወለደ በኋላ ነው። አልተቆጣችም። ለአንድ ሳምንት ግን የሠርጋቸውን ፎቶ ከግድግዳው አውርዳ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ መልሳ ሰቀለችው። ለምን እንዳወረደችውም ለምን እንደሰቀለችውም አልጠየቃትም። አሁን የሚጸጽተው ያኔ ከሠርጉ በፊት ሳይጠየቅ መቅረቱ ሳይሆን ሳይጠየቅ አለመናገሩ ነው። 34ኛው ሰው ተሳለቀበት፤ አወያዩ አጠፋው። 35፣ አንዲት ሴት፣ ስለነገረን አመሰገነችው።

36ኛው መልስ ወደ ጓዳ ገባ፤ ብዙዎቻችሁ አልፋችሁት ይሆናል። የጻፈችው ያገባች ሴት ናት። ንጽሕና ንጽሕና የሚባለው ሠርጉ ድረስ ነው፣ ከሠርጉ በኋላስ ማን ይጠይቃል ስትል ጀመረች። ባሏ እምቢታዋን አይሰማም። ዐቢይ ጾም ሲገባ ለ55 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብም፣ በሰላም እንደምትተኛ ጻፈች። ጾም ነው ስትለው እሱም ይፈራል። ለእሷ ጾም ማለት እምቢ ማለት የምትችልበት ቀን ነው። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ውጭ ወጣሁ።

37ኛው፣ የሕግ ባለሙያ ነኝ የሚል፣ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን የሚቀጣው ከጋብቻ ውጭ ሲሆን ብቻ መሆኑን በሐዘን ነገራት። 38ኛዋ ግን ቤተ ክርስቲያን ከዚያ ሕግ የሰፋ ቃል እንዳላት አሳየች። በ1ኛ ቆሮንቶስ 7 ላይ ጳውሎስ የሚስት ሥልጣን ለባልዋ ነው ካለ በኋላ እዚያው ላይ ባልም በገዛ ሥጋው ላይ ሥልጣን የለውም፣ ሥልጣን ለሚስቱ ነው ይላል። ለጾም ሲለያዩም በስምምነት ነው። ስንት ጊዜ ሠርግ ላይ ሲሰበክ ሰማን፤ የመጀመሪያዋን ግማሽ ብቻ ሰምተን ስንት ጊዜ ወደ ቤት ሄድን። ለ36ኛዋ እህታችን በውስጥ ጽፌላታለሁ። ከእሷ ጋር ያወራነው ከእሷ ጋር ይቀራል።

39ኛውን መልስ የጻፉት ቄስ ናቸው፤ ከሌላ ከተማ። የሚሠሩበትን መንገድ ነገሩን። ሊጋቡ የመጡትን በአንድ ላይ አይጠይቁም። ለየብቻ ያናግራሉ። ወንዱን ያስቀድማሉ፤ ሴቷን ካስቀደሙ ወንዱ ውጭ ሆኖ የሚመለከተው ነገር እንዳልሆነ ያስባል። አንዱ ከወደቀ ለሌላኛው እንዲናገር ጊዜ ይሰጡታል። ከዚያ ሁለቱም ፈቅደው በቁርባን ይጋባሉ። በዚህ ምክንያት የፈረሰ እጮኝነት ገጥሟቸው ያውቅ እንደሆነ 40ኛው ጠየቃቸው። አዎ፣ ገጥሟቸዋል። የፈረሰው ስለተነገረ እንዳልሆነ ግን ያምናሉ፤ ለመናገር የቆየ ስለነበረ ነው።

42ኛው አባት የ13 ዓመት ወንድ ልጅ አላቸው። ለሴት ልጃቸው እናቷ ስትመክራት ሰምተዋል፤ ለወንዱ ማን ምን ብሎ እንደሚጀምር ግራ ገብቷቸዋል። ቄሱ በ43 መለሱላቸው። ከራስዎ ይጀምሩ ነው ያሏቸው።

44 እና 45 ስለ ሠርጉ ጠየቁኝ፤ ደረሰ ወይ፣ ምን ሆነ? 46ኛው የኔ ነው፤ እዚያ ያሳጠርኩትን እዚህ ልንገራችሁ። እህቴንም እሱንም አስፈቅጄ ነው።

እጮኛዋ ይህን ውይይት ሲያነብ ነበር፤ እኔ አላወቅኩም። ከ33ኛው መልስ በኋላ ለብቻው ወደ አባ ሄደ። እኔን አልጠየቁኝም አባቴ አላቸው። አባ ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ መስቀላቸውን አውጥተው አሳለሙትና አጠገባቸው አስቀመጡት። ከዚያ በኋላ የተባባሉት የንስሐ ነው።

የጥር ሠርግ ቀረ። ከፋሲካ በኋላ በቁርባን ይጋባሉ፤ ያለ አክሊል። እህቴ አንድ ቀን ሙሉ አዘነች፣ አልዋሽም። የልጅነት ምኞቷ ነበር። እናታችን ደግሞ ጭንቋ ሌላ ነው። ዘመድ አክሊል የለም ሲባል ጣቱን የሚጠቁመው ልጇ ላይ ነው። ማን ይሆናል ጥፋተኛዋ? ሴቷ ናታ። ምን ብዬ ልንገራቸው እያለች ሁለት ሌሊት አልተኛችም።

እሱ ራሱ ሊነግራቸው ተነሣ። ቤት ለቤት። መጀመሪያ የሄደው ትልቋ አክስታችን ዘንድ ነው፤ ሁላችንም የምንፈራት እሷን ነው። እኔም አብሬው ሄድኩ። ቡና እየተፈላ ነበር። ሁለተኛው ላይ ሲደርስ እትዬ አላት፣ አክሊሉ የቀረው በእኔ ነው፣ በእሷ አይደለም። አክስቴ ሲኒዋን አስቀመጠች። አንድም ቃል አልተናገረችውም። በረካው ሳይቀዳ ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ እኛም ወጣን።

በማግስቱ ጠዋት ደወለችለት። ድግሱ የሚውለው ቅዳሜ ነው ወይስ እሑድ፣ ጠላው መቼ ይጠንሰስ ብላ ጠየቀችው።